ከሽመና ቤቱ የሚመጣው ድምፅ

«ስሚ፣ መጣ» አለች ሾናግ የልጇን የኤፊን እጅ ጨብጣ።

ኤፊ የሻይ ትሪውን አስቀመጠች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ለቀስተኛው ገና አልመጣም። አባቷ ቶርሞድ ሳሎን ውስጥ፣ የሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ድምፁ የመጣው ከጓሮ፣ ከሽመና ቤቱ ነው። ጥዝዝ ይላል፣ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ይንጣጣል፣ ከዚያ ጸጥ። ኤፊም ሰማችው።

ሾናግ ይህን ድምፅ መስማት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መጀመሪያ የሰማች ሰሞን እህቷ ሞተች። ሌላ ጊዜ በሰማች በሳምንቱ ጎረቤታችን ለዓሣ እንደወጣ ባሕር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል፣ የሞት ጥሪ ነው ብላ ደመደመች። እኛ የስኮትላንዷ የሉዊስ ደሴት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አናምንም፤ ቤታችን ስንገባ ግን እናምናለን። አሁን ቶርሞድ ሞቶም ድምፁ አልቆመም። እንግዲህ ተረኛዋ እኔ ነኝ ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

«ነገ ቀብሩ ነው፤ አንቺም ግላስጎ ትመለሻለሽ» አለች። «እኔ ከዚህ ነገር ጋር ብቻዬን አላድርም። ይውሰደኝና ይረፍ።»

ኤፊ እናቷን በዚህ ሁኔታ ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ መቅረትም አልቻለችም። በዚህ ቤት ላይ ቂም አላት።

ቶርሞድ በወጣትነቱ በየሠርጉ ጊታር እየመታ ሁላችንንም ያስጨፈረ ሰው ነበር። እኔም ጫማ ጨርሼበታለሁ። ልጁንም ያስተማራት እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ወደ ጌታ ተመለሰና ጊታሩን ሸጥኩት አለ፤ እሷም ዳግመኛ እንዳትነካ ከለከላት። ስታለቅስ «እኔ ድሮም ወድጄው አላውቅም» አላት። ያቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ቀረች። አሥራ ስምንት ሲሞላት ወጥታ ሄደች፤ የጊታር ጥገና ተማረች። ከአባቷ ጋር በዓመት አንዴ ስልክ ተደዋውለው ስለ ዝናቡ ይነጋገሩ ነበር።

ሽመና ቤቱን ከፍታ ገባች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ፊንሌይ ከትናንት ወዲያ ቶርሞድን እዚያ መቀመጫው ላይ ሞቶ ካገኘው ወዲህ ማንም አልገባበትም። ያላለቀ የሱፍ ጨርቅ እንደተወጠረ ነው። አንድ እርምጃ ስትራመድ ወለሉ ተነቃነቀ፤ ጥዝዝታውም ከእግሯ ሥር ተነሣ። ጮኻ ለመውጣት ምንም አልቀራትም። ግን ጆሮዋ አወቀው፤ በየቀኑ ሥራ ቦታዋ የምትሰማው ድምፅ ነው። የክር ሣጥኑን ክዳን አነሣች።

ተሸጠ የተባለው ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር በሱፍ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከጎኑ ካለች ትንሽ የድምፅ ማጉያ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ የማጉያዋም መብራት በርቷል።

እጇ ሥራውን ጀመረ። ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ ደህና ነው። መሰኪያውን ወዘወዘች፣ አልላላም። የድምፅ ማስተካከያውን ቁልፍ ስትነካው ግን ተንጣጣ። ከፍ ስታደርገው ጥርት አለ። ጭራሽ ስትዘጋው ዝም ማለት ሲገባው ጥዝዝ አለ። ሳይነካ ሲቀመጥ አቧራ ገብቶበት ነው ብላ በካቻቪቴ ፈታ ሆዱን ከፈተችው።

አቧራ የለውም። ቁልፉ ሲዞር የሚሄድበት ጥቁሩ መስመር፣ ድምፁ በሚዘጋበት ጥግ ላይ ብቻ፣ ጥፍር በምታክል ቦታ ተፍቆ አልቋል። የቀረው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ለራሱ ጆሮ ብቻ እስኪበቃ ዝቅ አድርጎ ሲጫወት ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ከፍ አላደረገውም። ዜማው እናቷ ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሰው ጥዝዝታው ብቻ ነበር።

«ውሸታም» አለች፤ እንባዋም መጣ።

ፊንሌይ በሩ ላይ ቆሟል።

«ታቅፎት ነው የሞተው» አላት። «ሰው እንዳያየው ደበቅኩት። ዝም እስኪል ድረስ ቁልፉን ዘጋሁት፣ የጠፋ መስሎኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው፤ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም። ኤፊ ያለቀው ቦታ ያ መሆኑን፣ እዚያ ከተዘጋ ነፋስም ሆነ እግር ወለሉን ባነቃነቀው ቁጥር ጥዝዝታው እንደሚነሣ ነገረችው።

«ከሶኬቱ ነበር መንቀል፣ ጋሼ ፊንሌይ።»

ለእናቷ እንዳትነግራት ለመናት፤ ሰውዬውን በክብሩ እንቅበረው አለ። ኤፊ ቁልፉን መልሳ ገጠመች።

በማግስቱ እኛ ወንዶቹ ሣጥኑን ተሸክመን ወጣን፤ ሴቶቹ እንደ ደንባችን ቤት ቀሩ። ኤፊ እናቷን ደግፋ ሽመና ቤት አስገባቻት፣ ጊታሩን አሳየቻት፣ ጥዝዝታውን አስነሥታ አሰማቻት፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሾናግ ቀዩን ጊታር በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«በሰንበትም ይመታው ነበር?»

«አላውቅም፣ እማ።»

ሾናግ የባሏ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

«ሃያ ዓመት ሞት ስጠብቅ ኖርኩ» አለች። «ምን ነበረበት ትንሽ ጮክ ቢያደርገው? እሱ መሆኑን ባወቅኩ።»

እጇን ዘርግታ የድምፁን ቁልፍ ራሷ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። «በይ ምቺው» አለቻት።

እኛ መንገዱ አጋማሽ ላይ ደርሰን ነበር። ድምፁ በሜዳው ላይ መጥቶ ሲደርስብን ወጣቶቹ ደንግጠው ተያዩ፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ግን የቶርሞድ ጊታር መሆኑን አወቅን። ፊንሌይ ሣጥኑን ከፊቴ ይዟል። ዞር አላለም። እርምጃውን ብቻ ቀነስ አደረገ፤ እኛም ከኋላው ቀስ አልን።