ከግድግዳው ሥር የነቀልኩት

እኔ ነገር ከመጽሐፍ ካላገኘሁት አይዋጥልኝም። ባሌ «አንቺ እኮ ውሃም በመመሪያ ነው የምትጠጪው» እያለ ያሾፍብኛል። ጓሮውን ላልማ ብዬ ስነሳም መጀመሪያ የገዛሁት መኮትኮቻ ሳይሆን መጽሐፍ ነው፤ በየወቅቱ ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚነቀል የሚናገር፣ ባለ ብዙ ፎቶ። «ዝናቡ ሲያባራ መደቡን ከማያውቁት ቡቃያ ሁሉ ያጽዱ» ይላል። ዛሬ በጠዋት ተነስቼ አጸዳሁ። ከግድግዳው ሥር የበቀለውን ቀጫጭን ሣር አንድም ሳላስቀር ነቃቅዬ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩና ወገቤን ይዤ ሥራዬን አደነቅሁ።

ለካ ሣር አልነበረም።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬም ድረስ ቁርሳቸውን በልተው ወደ ድሮው ሱቃቸው ይሄዳሉ፤ ሱቁን የተረከበው ተማሪያቸው ጥግ ላይ ወንበር አስቀምጦላቸዋል። ከዚያች ወንበርና ከካሮታቸው በቀር ሌላ ደስታ የላቸውም። ካሮቱን ደግሞ ምልክት ሳያደርጉ ነው የሚዘሩት። «ምልክት የሚተክል የዘራበትን የማያውቅ ነው» ይላሉ።

ከቁርስ በፊት ጓሮ ወጡ። ጎንበስ ብለው መደቡን በጣታቸው ዳበሱት።

«ካሮቴ የታለ? በቅሎ ነበር እኮ!»

ወይ ጉዴ! መጽሐፌ ያሳየኝ ካሮት ወፍራም ነው፣ ታጥቦ የተደረደረ። ቡቃያውን ማን አሳየኝ? «አባባ፣ እኔ...» ልል አፌን ስከፍት ባሌ ከበረንዳው ቀደመኝ።

«አባባ፣ ዘርተህ ነበር እንዴ? ተምታቶብህ እንዳይሆን። ትናንትም መነጽርህን ከማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያወጣሁት።»

አማቴ ቀና ብለው መደቡን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።  የእኔ አፍ ተለጎመ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ዝምታ ግን ቁርስ ሳይደርስ ነቀዘ።

ገበታ ላይ ስንቀመጥ አማቴ የውጭ በሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ልጃቸው ፊት አኖሩት።

«ልክ ነህ ልጄ። የዘራሁትን ካላወቅሁ አንድ ቀን መንገዱም ይጠፋኛል። ከእንግዲህ ሱቅ መሄዱ ይቅርብኝ።»

ልጃቸው «ብቻህን አትውጣ» እያለ ስንቴ ሲለምናቸው እምቢ ያሉ ሰው! አንጀቴን በሉት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል? 

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ካሮቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። ሣር መስሎኝ ነው። እጄን ይስበረው!»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

«ዘርቼ ነበር! አላልኳችሁም?»

ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንግዲያው መነጽሬንም ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ?»

ባሌ አየኝ። እኔ አልከተትኩትም። ግን እንደዚያ እየጓጉ ሲጠይቁኝ፣ ጠዋቱን ሙሉ ካቃጠልኳቸው በኋላ፣ እንዴት አይደለሁም ልበል?

«እሱንም እኔ ነኝ፣ አባባ። ቀልቤ የት እንደሄደ እንጃ።»

«አይ አንቺ! ገና በዚህ ዕድሜሽ!» አሉና ቁልፋቸውን አንስተው እያፏጩ ወጡ።

ባሌ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ እስከ ውጭው በር ተከተልኳቸውና ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ግራ ቀኙን አማተሩና ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ሱቁ በግራ በኩል ነው። በሩን እንኳ ሳልዘጋ ተከትያቸው ሮጥኩ።