የሙዘይን የከሰል መስመር

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ ሙዘይን ካራ ሰፈር ውስጥ በርበሬ ሲነግድ፣ የገበያውን ዋጋ በየሳምንቱ በሱቃችን ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት እያደረገ ነጥቦቹን በመስመር ያያይዛቸው ነበር። ዋጋው ወርዶ፣ ትንሽ ተነስቶ፣ እንደገና እዚያው ድረስ ወርዶ ቀና ሲል ይገዛል። ቀና ሳይል ግን ብለምነውም ብቆጣውም አይገዛም። ጎረቤት ነጋዴዎችም ግድግዳችንን ሳያዩ በርበሬ አይነኩም።

መስመሩ ለሁለተኛ ጊዜ በወረደበት ሳምንት የቀበሌው ካድሬ ሱቃችን ገባ።

«ይሄ ምንድነው?»

የዋጋ ነው ቢል የኢኮኖሚ አሻጥረኛ መባሉ ነው።

«የእንጦጦ ተራራ ነው፣ ጓድ» አለ ሙዘይን።

ካድሬው ራቅ ብሎ አየው። «ታዲያ ለምን ገደል ውስጥ ተውከው? ጨርሰው እንጂ።»

ሙዘይን ከሰሉን አንስቶ መስመሩን ሽቅብ ሳበው። ሰውየው ተመልሶ ቢመጣስ ብሎም አላጠፋውም።

በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ግድግዳውን አዩና እኛን ሳይጠይቁ ገበያ ወርደው በርበሬውን ጠራርገው ገዙት። ዋጋውም ልክ እንደ መስመሩ ወጣ።

«አንተስ ለምን አልገዛህም?» አልኩት።

«እኔማ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር» አለኝ፣ ባዶውን ጆንያ እያጣጠፈ።