ያጸዳሁት ደቂቃ

ፕሮዲዩሰሩ ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን አክስቴ ፊት አስቀመጠ። «ንገራት» አለኝ በአገሩ ቋንቋ፤ «ከፈረመች ፖሊስ አንጠራም። የካሜራውን ካርድ ስጠርግ ሳላውቅ ጣልኩት ትበልና ይብቃ።»

ነገርኳት።

«ሳላውቅ?» አለች። «ሳላውቅ የምሠራው ነገር ቢኖር መተንፈስ ብቻ ነው በለው!»

ከአምስት አገር የተሰባሰብን አርባ ሰዎች አንድ አሮጌ ሆቴል ተከራይተን የወንጀል ምርመራ ፊልም እየሠራን ነው። መርማሪው የጠፋ ቀለበት ይፈልጋል። የእውነት የጠፋው ግን የሁለት ቀን ቀረጻ የያዘ የካሜራ ካርድ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

እኔ ድምፅ እቀዳለሁ። ሙያውን የተማርኩት ሩቅ አገር ነው፤ ከተመለስኩ ስምንት ወር ቢሆነኝም ሻንጣዬን ገና አልፈታሁም። ያሳደገችኝ አክስቴ የፊልሙ ልብስ ሰፊ ናት። ያስገባኋት እኔ ነኝ።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ትዕይንት ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ቆሞ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል፤ እኔ ባዶውን ክፍል እቀዳለሁ። በኋላ በንግግሮች መካከል የሚቀረውን ክፍተት የምንደፍነው በዚያ ዝምታ ነው። ቀጮ የምንለው የካሜራ ረዳት ካርዱ የጠፋው በዚያች ደቂቃ ነው ብሏል።

«ሳጥኑን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ ለዝምታው ገባሁ» አለ እንደገና፣ በሩን ተደግፎ። «ካርዱ ውስጡ ነበር። ስወጣ የለም።»

ያኔ የሆቴሉ በር ተቆልፎ ነበር። ሠላሳ ዘጠኛችን አዳራሽ ውስጥ እየተያየን ቆመን ነበር። ያልነበረችው አክስቴ ብቻ ናት፤ የስፌት ክፍሏ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ነው።

«መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ እየሰፋሁ» አለች።

ፕሮዲዩሰሩ ወደ እኔ ዞረ። «ቅጂህ ላይ የስፌት መኪና ይሰማል?»

«አይሰማም» አልኩ።

አይሰማም፤ ምክንያቱም ከቅጂው አጽድቼዋለሁ። የቀረጻው ቀይ መብራት ሲበራ የስፌት መኪናው መቆም አለበት፣ አክስቴ ግን መብራቱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። «ለአሥር ሰዓት አድርሺ የሚሉት እነሱ፣ አቁሚ የሚሉትም እነሱ!» ትለኛለች። የዚያን ቀንም ፔዳሏን በጆሮ ማዳመጫዬ ሰምቼዋለሁ። ዘመዱን ሰግስጎ ሥራ አበላሸ እንዳይሉኝ፣ ምሳዬን ሳልበላ ድምፁን በኮምፒውተር አጥፍቼ አስረከብኩ።

አክስቴ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ የምትጠራጠረው ጆሮህን ነው እኔን?»

«እትዬ፣ ፈርሚና እንገላገል» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

«እኔ አላነበውም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተረፈ ጨርቅ ለባለቤቱ ስመልስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቁራጯን ሳይቀር! ፖሊስ ይጥሩ። እንዲያውም እኔው ልጥራ፤ አምጣ ስልክህን!»

እጇን ዘረጋች። ቀልዷን አልነበረም። ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ አየሁ፤ በስልኩ ፋንታ መቅጃዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያልተነካው ቅጂ ውስጡ ነው።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ በሁለቱም ቋንቋ። «የስፌት መኪናው ይሰማ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ጆሮ የሚይዘው የክፍሉን ጭርታ ነው። ከሥሩ ግን፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ፔዳሏ፤ ጨርቅ ለማዞር ለአፍታ ቆም ይልና ይቀጥላል። ስድሳ ሰከንድ ሙሉ።

«ከወንበሯ አልተነሳችም» አልኩ። «እኛ ሁላችን አዳራሽ ነበርን። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ሳጥኑን የነካ የለም። ካርዱ ከዚያ በፊትም ውስጡ አልነበረም ማለት ነው።»

ሁላችንም ቀጮን አየነው።

«ባዶ መስሎኝ ሰረዝኩት» አለ። «ለቀጣዩ ቀረጻ ላዘጋጀው ብዬ... ስደነግጥ ጣልኩት። ተሰረቀ ካልኩ እኔን የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ነው።»

«እኔን ታዲያ?» አለች አክስቴ። «እኔን ሲጠይቁኝ አፍህ የት ነበር?»



ፕሮዲዩሰሩ ሰዓቱን አየ። «አለመግባባት በመፈጠሩ እናዝናለን በላት። ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ተዋናይዋ እየጠበቀች ነው።»

«ምን አለ?»

«አለመግባባት ነበር ይላል።»

«አንተስ?»

«አይደለም» አልኩ። «ሌባ ብለንሻል። እኔም ጭምር።»

ተነስታ ወደ አዳራሹ ሄደች፤ ተከተልናት። መብራት የሚያቆመው፣ ፊት የሚቀባባው፣ ሁሉም ዘወር አለ። አንድ ወንበር ስባ መካከላቸው ተቀመጠች።

«ስሜ የጠፋው ሰው ፊት ነው» አለች። «ሰው ፊት ይመልሰው።»

እኔ ቀደምኩና የራሴን ጥፋት ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ አፏጨብኝ፤ ይገባኛል። ፕሮዲዩሰሩ ኮቱን ቆልፎ መሃል ገባ።

«ትንሽ አለመግባባት...» ብሎ ጀመረ።

እንድተረጉም ጠበቀ። አፌን ዘጋሁ። ከዚህ ፊልም እንደምባረር እዚያው ገባኝ።

«ቃሉ እሱ አይደለም» አልኩት በቋንቋው። «እንደገና ጀምር።»

«ምን ይንሾካሾካል?» አለች አክስቴ።

«ቃል እየፈለገ ነው፣ እትዬ።»

«ይፈልግ» አለችና እግሯን አነባበረች። «እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም።»