የእንግዳ ተራ

ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ በማንም ሊያሳብብ አይችልም። እንግዳ በአንድ ቤት ከሁለት ሌሊት በላይ አያድርም፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወደ ባለተራው ቤት ይሻገራል። የጫካው ዳር ሰዎች ዛፍ መሸጡን ትተው፣ ጫካውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ በየቤታቸው ለማሳደር ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ «አንዱ እየበላ ሌላው አፉን ከፍቶ የሚያይ ከሆነ፣ ያ ሰውዬ ነገ መጥረቢያውን ያነሣል» ብሎ ያሳመናቸው እሱ ነበር። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ጫካው ውስጥ መጥረቢያ አልተሰማም። እሱንም የታክሲ ወረፋ እንደሚያስከብሩት ሰዎች «ተራ አስከባሪ» ይሉት ጀመር። ስሙን ወዶታል።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ግን የራሱን ተራ እንደ ልጅ ቀን እየቆጠረ ይጠብቅ ነበር። ቤቱ ጭር ብሏል። ከእሷ ጋር የሚያወሩት በጫካው ሰዎች አሮጌ ቋንቋ ነበር። ልጁ ከከተማ ስትደውል እሱ በአሮጌው ይጀምርና፣ «አባዬ፣ አልገባኝም እኮ» ትለዋለች። ምን ታድርግ! ትምህርት ቤት እንዳይስቁባት ብሎ ያላስተማራት ራሱ ነው።

ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል፤ እሱና ከአጥሩ ወዲያ ያለችው የመንታዎቹ እናት። ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈዋል። የጫካ ዘበኛ በነበረ ጊዜ ባሏን ዛፍ ሲቆርጥ ይዞ አሳስሮት ነበር። ባልየው ተፈታ፣ ኖረ፣ ሞተ፤ ኩርፊያው ግን አልሞተም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገት ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ።

በዚህ ወር ለእሱ የደረሰችው እንግዳ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። የመጣችው የዛፎቹን ስም በአሮጌው ቋንቋ ለመመዝገብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጫካ ለጫካ ዞሩ። እሱ ይጠራል፣ እሷ እያጣመመች ትደግማለች፣ እሱ ያቃናላታል፤ እሷ ደግሞ ቁጥር እየሰጠች ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። በሁለተኛው ቀን ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ፣ ሲናገር የሰማችውን ቃል ለቃቅማ፣ «ብርድ ገባ፣ በሩን ዝጋው» አለችው በአሮጌው ቋንቋ። ሚስቱ በየምሽቱ የምትለው ነበር። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ፊቱን ሳያዞር ትንሽ ቆመ።

በማግስቱ መምህርቷ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ወጣች።

«መምህርት፣ ይቆዩ እስቲ» አላት። «ባለተራዋ የመንታዎቹ እናት ናት፤ ጣሪያዋ ያፈሳል። እስኪጠገን እዚሁ ይሁኑ።»

ያ ጣሪያ በክረምት እንኳ ጠብታ አያሳልፍም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ሦስተኛው ሌሊት አራተኛውን አስከተለ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የመንታዎቹ እናት ወገቧን ይዛ ደጁ ላይ ቆመች።

«የማን ጣሪያ ነው የሚያፈሰው?» አለችው በአሮጌው ቋንቋ። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ቤት ጠርጌ፣ አልጋ አንጥፌ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በር በሩን ሳይ!»

ደንግጦ በከተማው ቋንቋ፣ ያውም በስብሰባው አነጋገር መለሰላት። «አቤቱታሽን ለማኅበሩ አቅርቢ፤ ይታይልሻል።»

«ለማኅበሩ!» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የምፈልገው የማወራው ሰው ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቋንቋ የማናግረው ዶሮዎቼን ነው። እነሱም ሰልችተውኛል!»

መምህርቷ ድምፅ ሰምታ ወጣች። አንዱን እያየች ወደ ሌላው ዞረች። «ጋሼ፣ ጣሪያው ተጠገነ እንዴ?»

«ድሮም አያፈስም» አለ ተራ አስከባሪው መሬት መሬቱን እያየ። «ዋሽቼዎት ነው።» ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ እስከ ጎረቤቱ በር አደረሰ። የመንታዎቹ እናት ሻንጣውን ተቀበለችና በሩን ዘጋችበት።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ። የመንታዎቹ እናት ያጠራቀመችውን ሁሉ ታወርደዋለች፤ ተረት፣ ስድብ፣ የሕፃን ማባበያ። እሱ ከልጅነቱ ወዲህ ያልሰማቸው ቃላት ነበሩበት። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በአንድ ኩርፊያ ምክንያት ይህን ሁሉ ዓመት ዲዳ ሆኖ መኖሩ አናደደው። በራሱ አፈረ።

«አንተ ዘበኛ!» ብላ ጠራችው በአጥሩ ላይ። እየተጣደፈ ሄደ። «ያቺ ወንዝ ዳር የምትበቅለው፣ ግንዷ ቀላ የሚለው፣ ቅጠሏ ሲታሽ የሚሸትተው፣ ማን ነበር የምንላት? ለመምህርት ልነግራት ብዬ ጠፋኝ።»

ዛፏ ዓይኑ ላይ መጣች። ሽታዋም መጣ። ሚስቱ ከወንዝ ስትመለስ ቅጠሏን በእጇ እያሸች ስሟን ስትጠራ ታየችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ድምፁ ግን አይሰማውም። ምላሱ ላይ ያለ መሰለውና አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«እሷ ታውቀው ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በአሮጌው ቋንቋ።

«አዎ» አለች የመንታዎቹ እናት ቀስ ብላ። «እሷ ታውቀው ነበር።»

መምህርቷ ብዕሯን እንደያዘች ቀረብ አለች። «ችግር የለም፤ ሌላ ሰው እንጠይቃለን። ማንን ልጠይቅ?»

ሁለቱ በአጥሩ ላይ ተያዩ። መምህርቷ ተራ ቁጥሩን ጻፈችና ጎኑን ባዶ ተወችው።