የእማማ መሊካ ቅቤ

በአሊዩ አምባ አንድ ሕፃን የእማማ መሊካን ቅቤ ሳይልስ ቀረ ከተባለ፣ ወይ እናቲቱ ከእማማ መሊካ ጋር ተኳርፋለች፣ ወይ ሕፃኑ ሞቶ ተወልዷል። እጃቸው በረካ አለው ይባላል። ከትንሿ ቅል በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር ያደርጉና «ቢስሚላህ» ብለው የሕፃኑን ላንቃ ያሻሉ። አንጀት ያለሰልሳል፣ ድምፅ ያሳምራል ነው ነገሩ። የስንቱን አፍ ከፍተዋል! የገዛ ልጃቸው የአብዱልጀሊል በኩር የሆነውን የዓወልንም እንደዚሁ።

ዓወል ግን አራት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል አልወጣውም። መስማቱንስ ይሰማል፤ መናገሩ ነው እምቢ ያለው። እማማ መሊካ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አጥቁረውበት አያውቁም። ገበያ ሲሄዱ አዝለውት ነው፤ ሲበላ በጣታቸው ካላጎረሱት አይሆንም። «የኔ ዝምተኛ፣ የኔ ሼህ» ይሉታል። የሚስቅበት ከተገኘ ደግሞ ወዮለት፣ ዘር ማንዘሩ ተጠርቶ ነው የሚሰደበው።

ነገሩ ያላስቻላት እናቱን ነሲባን ነው። ሁለተኛዋን እንዳረገዘች «ሳልወልድ ዓወልን ሐኪም ይይልኝ» ብላ ባሏን ወጥራ ያዘችው። በበቅሎ አንኮበር ወጡ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን። መኪናው እንደሆነ እህል ጫነ ሰው ጫነ ደንታ የለው፤ ሲያንገጫግጫት ውሎ ሆስፒታሉ በር ላይ ምጥ ያዛት። ገና ሰባት ወሯ ነበር። ዓወልን ልታሳይ ሄዳ አፊፋን ወለደች። አፊፋ ደግሞ ምን ታክላለች! ሁለት መዳፍ አትሞላም፤ መጥባትም አቅም አጣች።

ጡቷ ሲያጋት ነሲባ ወደ መሬት ልታልበው ጎንበስ አለች። ወጉ ነዋ፤ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ለልጅ አይሆንም ተብሎ ይደፋል። ሲስተር አስካለማርያም፣ የመዘዞ ቄስ ልጅ ናት፣ ብርጭቆ ይዛ ደረሰችባት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እንገር ነው እኮ፣ ሲስተር።»

«እናንተ ቤት ላም የለም? እንገር ያልጠጣ ጥጃ ሲተርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ነሲባ አላየችም። ቢጫው ወተት ብርጭቆው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም በጠብታ በጠብታ ወደ አፊፋ አፍ።

ሲስተር ስለ ዓወል የጠየቀቻት ያን ጊዜ ነው። እሱም ያለ ወሩ ነው የተወለደው? አዎ። ምን ቀመሰ? ቅቤ። ከዚያስ? ከዚያማ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ አረንጓዴ አስመለሰው፤ አለቀለት ተብሎ የከፈን ጨርቅ ሁሉ ተገዝቶ ነበር፣ አላህ መለሰው። ሲስተር ብርጭቆውን አስቀምጣ ዓወልን አገላብጣ አየችው። አስተያየቷ ነሲባን አስፈራት።

«ይናገሩ እንጂ ሲስተር!»

«ይኸው ነው ብዬ አልምልልሽም» አለች ሲስተር። «ወሩን ያልጨረሰ ልጅ አንጀቱ ገና ስስ ነው፤ ባዶም ነው። እንደ ቀበሌ ቤት ቁጠሪው፣ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል። ከእናቱ ወተት ጋር ደህናው ጀርም ይገባል፤ ከጣትና ከቅቤ ጋር ክፉው ሊገባ ይችላል። ሆዳቸው እንደዚያ ታሞ የተረፉ ልጆች ለክትባት ሲመጡ አያቸዋለሁ። ብዙዎቹ ለመቀመጥም ለመናገርም ይዘገያሉ። ሆድና ጭንቅላት የሚገናኙበት መንገድ ያለ ይመስለኛል፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ይህችን ግን ከጡትሽ በቀር ምንም እንዳታስነኪያት።»

ነሲባ መጀመሪያ ንዴት ነው የመጣባት። ያችን ጣት እዚያው ብታገኛት በጥርሷ ትበጥሳት ነበር። ቀጥሎ ግን ያችው ጣት ዓወልን ስታጎርስ ትዝ አለቻት፤ ንዴቱ እንባ ሆነባት። እማማ መሊካ ይህን ከሰሙ አለቀላቸው፤ አንድ ቀን አያድሩም። ዝም ማለት ደግሞ አፊፋን ለቅሉ አሳልፎ መስጠት ነው። እንዴት አድርጋ ልጇንም አሮጊቷንም ታትርፍ?

እማማ መሊካ መች ዘገዩ! ወሬው ቆላ እንደወረደ ቅላቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከች አሉ።

«የት አለች የኔ ጮርቃ?»

«እማማ፣ ሐኪሞቹ ምንም እንዳትቀምስ ብለዋል።»

«ኤድያ! ሐኪም ያሳደገው ልጅ የት አለ?»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው እኮ።»

«መንግሥት! መሬቱን ወረሰ፣ ትርፍ ቤቱን ወረሰ፤ ደግሞ የልጅ ላንቃ ሊወርስ ነው?»

የክፍሉ አራሶች ሳቁ። አብዱልጀሊል ግን ማን ሰማ ብሎ ወደ በሩ ዞር አለ። እሱም እንደሆነ ምን ዋጋ አለው፤ በእናቱና በሚስቱ መካከል ሲቆም ጫማውን ማየት ነው የሚያውቀው።

ቅሉ ተከፈተ፤ ጣታቸው ገባ። ነሲባ አፊፋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘቻትና ያላሰበችው ቃል ካፏ አመለጠ።

«ነዝር አለብኝ!»

ጣትየዋ አየር ላይ ቀረች።

«የምን ነዝር?»

«እስክትቀመጥ ድረስ ከጡቴ በቀር ምንም ላላቀምሳት። ካተረፍክልኝ ብዬ ለአላህ ተስያለሁ።»

ውሸቷን ነው። አማትን መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ በአላህ ስም መዋሸት ግን ሌላ። እማማ መሊካ ዓይኗን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እግሯ ሥር የሚጫወተውን ዓወልን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቅሉን ከደኑ።

«ነዝር ከሆነማ ማን ይነካዋል» አሉ።

እሳቸው ሲወጡ ነሲባ በሆዷ «ያ አላህ፣ አሁን የምር ተስያለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

አፊፋ ተረፈች። ሆዷም አልተነፋ። ተቀመጠች፣ ዳኸች። እማማ መሊካ ከደብረ ብርሃን ከተመለሱ ወዲህ ማንኪያ ገዝተው ዓወልን በማንኪያ ማጉረስ ጀምረዋል፤ ነሲባ ዘመናዊ ሆኑ ብላ ስቃ አለፈችው። አንድ ቀን ዓወል ቂጣዋን ሲቀማት አፊፋ «አዌ!» ብላ ጮኸችበት። ወንድሟን በስሙ መጥራቷ ነው! ነሲባ እልል አለች፤ ጎረቤቱ ተቀበላት። ዓወልም ዞር ብሎ ሳቀላት። እማማ መሊካ ግን እልል አላሉም፤ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ነሲባ የደስታ ለቅሶ መስሏት ተወቻቸው።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታቸው ምራት ያለ ወሯ ወለደች። ጎረቤትየዋ እየሮጠች መጣች።

«እማማ መሊካ፣ ይድረሱልኝ! ቅሉን ይዘው ቶሎ!»

እማማ መሊካ ለዓወል ገንፎ እያበረዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«አልችልም። ነዝር አለብኝ።»

«የምን ነዝር?»

«የሕፃን አፍ ላልነካ። ሂጂ፣ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም እንዳይገባ። እንገሩንም እንዳትደፉት።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ሄደች። ነሲባ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«መቼ ነው የተሳሉት፣ እማማ?»

«አንቺ የተሳልሽ ዕለት።»

ለካ የዓወል ነገር ያኔውኑ ገብቷቸው ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻቸውን ተሸክመውት ኖረዋል! ነሲባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ሲስተሯ እኮ ይኸው ነው ብላ አልማለችም፣ እማማ። ወላሂ አልማለችም!»

«ማን ይምላል» አሉ እማማ መሊካ፣ ማንኪያውን ወደ ዓወል አፍ እያስጠጉ።

ዓወል ማንኪያውን ገፋው። የአያቱን እጅ ያዘና ጣታቸውን ገንፎው ላይ አኖረላቸው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

እማማ መሊካ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እሺ፣ የኔ ሼህ» አሉና በጣታቸው አጎረሱት።