ጎመን ያለበት ክፍል

በትንሿ የብሬስኒክ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የኃይል ጉዳይ ኃላፊ የሚባል ሰው አልነበረም። ሕጉ ይኑር ባለ ጊዜ ሹመቱ ከመካነ መቃብሩና ከመንገድ መብራቱ ሥራ ጋር ተደርቦ ለዶንቾ ተሰጠው። ዶንቾም በስድሳ አንድ ዓመቱ፣ ጡረታው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ስለ ሙቀት ካርታ ይማር ጀመር።

ካርታው ለማንም ክፍት ነበር። የማያውቃቸው ምሁራን ሠርተው በኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስቀመጡት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሄክታር መሬት በበረዶው ክረምት ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ በቀለም ያሳያል፤ ብዙ የሚፈልገው ቀይ፣ ጥቂት የሚፈልገው ፈዛዛ ቢጫ ነው። ብሬስኒክ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚያነድ አንድ የጋራ ማሞቂያ ጣቢያ ልትተክል አስባለች፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ለአንድ ሰፈር ብቻ ይበቃል። ለየትኛው ሰፈር እንደሆነ የሚነግራት አማካሪ ለመቅጠር ግን አቅም የላትም። ስለዚህ ዶንቾ ካርታውን ወደደው። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የሚከፍተው እሱን ነበር።

አንድ ቀን ልብ ብሎ ቢያየው፣ ደም የመሰለው ቀይ ያረፈው በላይ ሰፈር ላይ ሆኖ አገኘው። ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ቆመ።

ላይ ሰፈር እሱ ራሱ የሚኖርበት ነው። እዚያ ሰው ወንድ ልጅ ሲወለድለት ቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ይጨምራል፤ ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ከወላጆቹ ራስ በላይ እንዲኖር። ልጆቹ አድገዋል፣ አግብተዋልም፤ የሚኖሩት ግን ጀርመንና ስዊዘርላንድ ነው። ወላጆቹ ምድር ቤት አንድ ምድጃ አንድደው፣ እዚያው በልተው እዚያው ይተኛሉ። ካርታው ጣራና ፎቅ ቆጥሯል እንጂ ሰው አልቆጠረም። ታች ሰፈር በአንጻሩ፣ ጎጆ በሚያህሉ ቤቶች ሦስት ትውልድ ተጨናንቆ የሚኖርበትና ጭሱ ከወንዙ ሸለቆ አልወጣ የሚልበት ሰፈር፣ በካርታው ላይ ፈዝዞ እንደ ባዶ ሜዳ ተኝቷል። የዶንቾ እናት ጓደኛ የነበሩት አሮጊቷ ቫስካ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሳሉ ደረታቸውን አልለቅ ብሏቸዋል። ቧንቧው ደግሞ የሚሄደው ቀይ ወዳለበት ነው።

«ምክር ቤቱ ዓርብ ይወስናል» አለው ከንቲባው ኮስታዲን። «ካርታው ያለውን ብሏል፤ እርስዎ ምን አስጨነቅዎት፣ አጎት ዶንቾ?»

«ካርታው ያልነገሩትን ከየት ያምጣው? የራሳችንን ቁጥር እንድናስገባ ይፈቅዳል። ስንት ክፍል እንደሚሞቅ ቤት ለቤት ልጠይቅ።»

«እስከ ዓርብ? በዚያ ጉልበትዎ?»

«አንተ ጉልበቴን ተወው፤ ወረቀት ስጠኝ።»

ሰኞ ዕለት የራሱን ቤት በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈ፤ «ሁሉም ይሞቃል» ብሎ፣ እጁ እንደ ለመደው። ከዚያ የጎረቤቱን የትሬንዳፊልካን በር አንኳኳ።

«ስንት ክፍል ታሞቃላችሁ?»

«ሁሉንም።»

«ላይኛውንም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ለማለት ፈልገህ ነው? ልጄ ነገ ቢመጣ በረዶ ላይ ላስተኛው ነው?»

«መጨረሻ የመጣው መቼ ነበር?»

«ይመጣል አልኩህ!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

አሥራ ዘጠኝ ቤት ዞሮ አሥራ ዘጠኝ «ሁሉንም» ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ ራትካ ቃሪያ እየፈለፈለች ሰማችውና ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ልጅሽ ረስቶሻል ወይ ብለህ እንደ መጠየቅ እኮ ነው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጎመኑን የት እንዳስቀመጡት ጠይቅ።»

ዶንቾ ገባው። ኅዳር ነው፤ ቤቱ ሁሉ ለበረዶው ወራት የሚሆነውን ጥቅል ጎመን በበርሜል፣ በጨው ውሃ ዘፍዝፏል። ጎመን ሙቀት ካገኘው በሳምንቱ ይላላል፤ ሽታውም ቤት ያስለቅቃል፤ ስለዚህ በርሜሉ የሚቀመጠው እሳት በማይነድበት ክፍል ነው። ጎመንሽ ላልቷል መባልን የምትችል ሴት ደግሞ በላይ ሰፈር አልተፈጠረችም።

«ግን የኔ ላልቷል ብለህ እንዳታወራ!» ስትል ራትካ ከኋላው ጮኸች።

በማግስቱ ትሬንዳፊልካ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችው። «ደግሞ መጣህ?»

«ምን ላድርግ፣ ጎረቤቴ። የኛ ጎመን ላልቶብናል፤ ያንቺስ?»

«የኔ?» በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። «የኔማ ስትነክሰው እንደ ፖም ነው የሚጮኸው! ላይ፣ የልጄ ክፍል ነው ያለው፤ እዚያ ትንፋሽህ ይታይሃል...» አፏን በመዳፏ ያዘች።

ዶንቾ እርሳሱን አላነሳም። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ታች ሰፈር ጭስ፣ ስለ ቫስካ ሳል አንድ በአንድ ነገራት። እሷም ሽርጧን ስታስተካክል ቆየች።

«ጻፈው» አለች በመጨረሻ። «ግን ባዶ ብለህ እንዳትጽፍ።»

«ታዲያ ምን ብዬ?»

«ጎመን ያለበት በል።»

እሱም ወረቀቱ ላይ መስመር አስምሮ፣ የማይሞቀው ክፍል ሁሉ የሚቆጠርበት «ጎመን ያለበት ክፍል» የሚል ዓምድ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ምክንያቱን አስቀድሞ እየተናገረ ሄደ፤ ለዚያ ዓምድ መልስ የነፈገው ቤት አልነበረም። የራትካ ጎመን ላልቷል የሚለው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ስለ ነበር፣ ማታ ራቱ ቀዝቅዞ ጠበቀው።

ረቡዕ ታች ሰፈር ወረደ። ቫስካ ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው መካከል ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ ሁለቱንም እናሞቃለን። ጎመኑ ደጅ ነው፤ እሱስ ንጹሕ አየር ያገኛል» አሉና ሳላቸው ሳቃቸውን ቆረጠው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ እቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተሰበሰቡ። ራትካ በትከሻው በኩል አጎንብሳ ዝርዝሩን አየች። ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህ ማን ነው? ሁሉንም የሚያሞቀው ሀብታም?»

ዶንቾ እርሳሱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። የእነሱም በርሜል ያለው ላይ፣ በልጃቸው በሳሽኮ ክፍል ነው። ካርታው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ላለ ልጅም ጭምር። ልጁ አንድ ቀን ሰፈሩን ፈልጎ ፈዝዞ ቢያገኘው፣ አባቴ ተስፋ ቆረጠብኝ አይልምን? ሌላውን ሰው አሳምኖ ያስጻፈውን ቃል በራሱ መስመር ላይ መጻፍ አቃተው። ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

«አባዬ፣ ምሳ ላይ ነኝ። ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። አንድ ነገር ላስፈቅድህ ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ክፍልህን... አናሞቀውም። ለመንግሥት እንዲያ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ከወዲያ በኩል የሹካ ድምፅ ቆመ።

«አባዬ፣ እኔ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ለማን ስታሞቁት ኖራችኋል?»

«አሞቅነውም አላልኩም። ሞቋል ስንል ኖርን ነው ያልኩት።»

ሳሽኮ ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጻፈው። እኔ ስመጣ ከእናንተ ጋር ምድጃው አጠገብ እተኛለሁ። እናቴ ታንኮራፋለች እንጂ ሌላ ምን ችግር አለ?»

«እኔ አላንኮራፋም!» አለች ራትካ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ።

ዶንቾ «ሁሉም» የሚለውን ሰረዘና ጻፈ፤ የሚሞቅ፣ አንድ። ጎመን ያለበት፣ ሦስት። ቢሮ ተመልሶ ቁጥሮቹን አስገብቶ ካርታው ራሱን እንደገና እስኪቀባ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ላይ ሰፈር ፈዘዘ። ታች ሰፈር ከወንዙ ዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀላ።

ዓርብ በምክር ቤቱ አንድ አባል ስለ ጎመኑ ዓምድ ጠይቆ እስኪነገረው ድረስ ሳቅ ሆነ፤ ከተነገረው በኋላ ግን የሳቀ አልነበረም፤ ከአሥራ አንዱ አባላት ስምንቱ የላይ ሰፈር ሰዎች ነበሩና። እጅ ሲቆጠር ዘጠኝ ለሁለት ሆነ። ቧንቧው ወደ ታች ሰፈር ይሄዳል።

ዶንቾ ዳገቱን እያረፈ ወጣ። ራትካ ሹራቧን ደርባ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«አለፈ?»

«አለፈ።»

«እኛስ?»

«እኛማ በምድጃችን እንቀጥላለን፤ እስከ ዕድሜያችን መጨረሻ ሳይሆን አይቀርም።»

ራትካ የካፖርቱን ክሳድ አቃናችለት።

«እንግዲያስ ግባና ራትህን ብላ፤ ዛሬ ሞቋል» አለችው። «ነገ ደግሞ እንጨት ትፈልጣለህ።»