ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ገጽ

አኮ ዳዶ በራቸውን የሚቀረቅሩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በድንበሯ መንደር በማንያታ አያት ሁሉ አኮ ይባላል፤ ጎረቤታቸው ሀቢቦ ግን እኩያቸው ናትና «አንቺ ዳዶ፣ ጥላሽ እንኳ ትንሽ ቢያመሽ ደጅ ያድራል!» እያለች ትስቅባቸዋለች።

የዚያን ዕለት መቀርቀሪያውን ከወረወሩ በኋላም ሁለቴ ተመልሰው ነካኩት። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሳጂዳ በማግስቱ በአውቶብስ ወደ ደቡብ፣ ማርሳቢት ከተማ፣ እናቷ ዙሌይካ ዘንድ ልትሄድ ነው። ትምህርት ቤት ተገኝቶላታል። የምታደርሳት ሀቢቦ ናት። «መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፣ ምን ያስፈራሻል?» ብላቸው ነበር። አኮ ዳዶ ግን የሚፈሩት መንገዱን ራሱን ነው። ሰው የሚወስደው እሱ አይደል?

የልጅቷን ልብስ አጣጥፈው ዞር ሲሉ ሳጂዳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ መጽሐፍ ዘርግታለች። ክው አሉ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከሣጥኑ። ትናንት ሻርፕሽን ስፈልግ አገኘሁት።»

የልጃቸው የአዳን መጽሐፍ ነው። በጨርቅ ጠቅልለው ከብርድ ልብሱ ሥር ደብቀውት ነበር። ግልገል ጠፍታበት ፍለጋ የወጣ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ገጹ በተገለጠ ቁጥር ቤቱ ከልጁ ኋላ እያነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ገጹን ይሞላል፣ ቀጥሎ የክብሪት ቀፎ ያክላል፣ በመጨረሻ የማሽላ ፍሬ። ጽሑፉ ስዋሂሊ ነው። አኮ ዳዶ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋልና፣ ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ ለአዳን ያነቡለት ነበር።

ያኔ መኪኖች በሚሰለፉበት በድንበሩ በኩል ቆሎና ኦቾሎኒ ይሸጡ ነበር። መጠቅለያቸው የተማሪ አሮጌ ደብተር ነው። አንድ ቀን ገበያው ደራና ወረቀት አለቀባቸው። ኦቾሎኒ ያዘዘ አንድ ሹፌር ሞተሩን አስነስቶ «ቶሎ በይ እንጂ፣ እናቴ!» ይላል። አዳን አጠገባቸው መጽሐፉን ተንተርሶ ተኝቷል። ተረቱ ካለቀ በኋላ ያለው ባዶ ቅጠል ምን ይሠራል አሉና ሳያዩ የመጨረሻውን ገነጠሉት። ኦቾሎኒው ተጠቀለለ፤ መኪናው ወደ ደቡብ ነጎደ።

ልጁ ግልገሏን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባበት ገጽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ልጁ ኮረብታ ላይ እንደቆመ ያልቃል። «እማ፣ ገባ?» ይላል አዳን። «ነገ ይገባል፣ ተኛ» ይሉታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ቢጫ ፌስታል አንጠልጥሎ ሥራ ፍለጋ በዚያው በደቡቡ መንገድ ሄደ። ከሄደ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ወሬውም የለ፣ መቃብሩም የለ። ሰው «የአላህ ነገር ነው» ይላል። እሳቸው ግን ልጃቸው የሚመለስበትን ገጽ በገዛ እጃቸው እንደሸጡት ያውቃሉ።

«አኮ፣ ከዚህ በኋላስ?» አለች ሳጂዳ፣ የተቀደደውን ጠርዝ እየዳበሰች።

«የለም። ዝጊው! ዝጊው አልኩሽ!» ድንገት ደግሞ፣ «ነገ አትሄጂም። ለእናትሽ አሟታል እላታለሁ» አሉ።

ሳጂዳ አላለቀሰችም። «እኔ ግን ሠርቼዋለሁ» ብላ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ የሳሙና ካርቶን ቁራጭ መዘዘች።

አኮ ዳዶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ኮረብታው አለ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት አለ። ደጃፉ ላይ ረጅም ሰው ቆሟል።

«ይሄ ማነው?»

«ልጁ ነዋ።»

«ልጁ እኮ ትንሽ ነው!»

«ሲሄድ ነዋ ትንሽ። ስንት ጊዜ ቆየ፤ አያድግም?»

«እጁ ላይ በቢጫ የቀባሽውስ?»

«ፌስታል ነው።»

አዳን ሲሄድ ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለ ፌስታሉ ለእህቱ ለዙሌይካ እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«ማነው የነገረሽ?»

«ማንም።» ትከሻዋን ሰበቀች።

የጣሪያው ቆርቆሮ ቀኑን የጠጣውን ሙቀት ሲለቅ ቀጭ አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። በየምሽቱ፣ በዚሁ ሰዓት፣ ደጅ የቆመ ሰው እግር የሚቀያይር ይመስላል። በየምሽቱም እሳቸው መቀርቀሪያውን ያጠብቃሉ።

«በሩን...» ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «በሩን ምነው ክፍት አደረግሽው?»

«ካልተከፈተ በየት ይገባል?»

አኮ ዳዶ ሥዕሉን አስቀምጠው ወደ ቤታቸው በር ሄዱ።

ሲነጋ ሀቢቦ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ አስቁማ ስትመጣ በሩን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። «ያ ረቢ! ዳዶ፣ ምን ገባብሽ? ሌባ ነው?»

አኮ ዳዶ የሳጂዳን ቦርሳ አቀበሏት። መጽሐፉ ውስጡ ነበር፤ ካርቶኑም በመጨረሻው ገጽ ቦታ በጥቁር ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ማንም አልገባም» አሉ፣ መንገዱን አሻግረው እያዩ። «ገና ነው።»